ለሽማግሌ የሚመች ሞላ

ሰው ሁሉ ከፍ ማለት ይወዳል። ቤት ሠሪው ጣሪያውን ከጎረቤቱ ጣሪያ በአንድ ክንድ ካላስበለጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ስብሰባ መሪው መድረክ ካልተሠራለት ድምፁ አይወጣለትም። ፎቶ የሚነሣው እንኳ መጀመሪያ የሚቆምበት ድንጋይ ይፈልጋል። መኪና ላይ ስንደርስማ ተዉት! በእኛ በምሥራቅ ጎጃም መኪና የገዛ ሰው፣ ገና የእንኳን ደስ አለህ ጠላው ሳያልቅ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቢኖር መኪናዋን ከፍ ማስደረግ ነው። መኪናዋን የሚሸከመው ሞላ ሥር ቁራጭ ጎማ ይቀረቀራል፣ ብረት ይደረባል፤ ከዚያ ባለቤቱ ራቅ ብሎ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያትና «አሁን መኪና ሆነች!» ይላል። አልፈርድበትም። ክረምት ላይ መንገዳችንን ያየ ሰው አይፈርድበትም።

እኔ ግን መኪናዬን ዝቅ ላደርጋት ተነሣሁ። የምትስቁ ሳቁና ስትጨርሱ እንቀጥላለን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ብቸና ውስጥ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። አንዲት ቀይ ቪትዝም አለችኝ፤ ከኋላዋ ቆረጥ ያለች፣ ሰዎቻችን «ቂጥ የለሽ» የሚሏት ዓይነት። ሞጣ ደግሞ ትብለጥ አለችኝ። «አለችኝ» ማለቴ ያኔ ገና ድፍረት ነበር፤ ትብለጥ የምትገኘው በአባቷ ቤት ነው፣ ሒሳብ ታስተምራለች፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ እየሄድሁ አያታለሁ። አንድ ቅዳሜ እንግዲህ መኪናዬ ከሩቅ ስትመጣ አይታ፣ «ይቺ ቪትዝህ እኮ ቅጠል ልትቀነጥብ በኋላ እግሯ የቆመች ፍየል ትመስላለች» አለችኝ። መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው እንደ አገሩ ልማድ ከፍ አስደርጓት ነበራ!

ፍቅር ይዞት የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ሰምቶ ያልፈዋል። እኔ ወደ ብቸና ስመለስ መንገዱን ሁሉ ፍየል ስነዳ መጣሁ። ቤቴ ገብቼ ስልኬ ላይ «ዝቅ ያለች መኪና» ብዬ ብፈልግ፣ እናንተዬ፣ ምን ዓለም ተከፈተልኝ! ሆዳቸው አስፋልቱን ሊስም የደረሰ፣ ጎማቸው ከላይ በሚከድነው ፓራፋንጎ ውስጥ ገባ ብሎ የተደበቀ፣ ቀስ ብለው ሲታጠፉ እንደ ድመት የሚለጠጡ መኪኖች! የእኔዋን ዓይነት ቪትዝ ዝቅ ብላ ሳያትማ ዓይኔን ከስልኬ መንቀል አቃተኝ። በማግስቱ ራስ ምታት ይዞት መድኃኒት ቤቴ ለገባ ሰው የሆድ ኪኒን ልሰጥ ምንም አልቀረኝም።

በዚያ ላይ ጊዜው አንገብጋቢ ነበር። ለትብለጥ አባት ሽማግሌ ልልክ ቀን ተቆርጧል። አባቷ አቶ አበረ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሞጣ ላይ ስማቸው ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግላቸው ሰው ናቸው። ከእኔ በፊት አንድ ባለጸጋ፣ ሽማግሌዎቹን ከስጦታ ጋር ጭኖ ቢልክባቸው፣ «ልጄ በጭነት አትለወጥም» ብለው ከነጭነቱ መልሰውታል። ለእኔም አንድ ቀን ብቻ ሰጥተዋል። እሺ ካሉ እሺ ነው፤ እምቢ ካሉ ትብለጥ ቃላቸውን አታልፍም፣ ይህን ራሷ ነግራኛለች። ስለዚህ ሽማግሌዎቼ ሲሄዱ መኪናዬ ፍየል መምሰል የለባትም። እንዲህ ነበር ያሰብሁት፤ ያፈቀረ ሰው ሐሳብ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ትክክል ነው።

ሞጣ ላይ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ከድር የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ዘር ማንዘሩ ሞጣ የነገደ ነው። ደወልሁለት። «አጫጭር ሞላ አስመጣልሃለሁ» አለኝ፣ «ግን ስንት ጣት ልቀንስልህ?» አለኝ። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት በጣት ይለካል ማለቱ ነው። እኔ ምኑን አውቄ! ሰው ጫማ ሲገዛ እግሩን ያስገባል፣ ኮት ሲገዛ ይለብሳል፤ ሞላ እንዴት ይለካል?

ብቸናዎች ግን መላ አናጣም። እኛ የጤፍ አገር ሰዎች ነን። መካኒኬ ጋራዥ አጠገብ ካለው እህል በረንዳ ጤፍ ተውሰን መጫን ጀመርን። አንድ ኩንታል ከኋላ ሲገባ አንድ ጣት ወረደች። ሌላ ስንጨምር ሌላ ወረደች። ፊቷ ወደ ሰማይ ቀና ሲልብን ሁለት ወፋፍራም ሰዎች ኮፈኗ ላይ ወጥተው እንዲቀመጡ ለመንን። ሰው ተሰበሰበ፤ ብቸና ላይ ሰው ለመሰብሰብ ከዚህ ያነሰም ይበቃል። አንዱ «ጨምር!» ይላል፣ አንዱ «በዛ!» ይላል፣ አንዲት ሴት ኩንታሉን እየነካች «ነጭ ነው ሰርገኛ?» ትላለች። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ጥበቡ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩና «ይቺስ መንኩሳለች፤ ስግደቷ በዛ» ብለው ሄዱ። ሦስተኛዋ ጣት ላይ ስትደርስ፣ ውይ! «አቁሙ! እንዳትነኳት! ማንም እንዳይተነፍስ!» ብዬ ጮህሁ። እንዲያ አምራ አይቻት አላውቅም። ኮፈን ላይ የነበሩት ሰዎች እንኳ ውበቷን ለማየት ወርደው፣ ወዲያው ፊቷ ተመልሶ ቀና ቢልባቸው አዝነዋል።

ከድር ሌላ ጥያቄ አመጣ። «ሁለት ዓይነት አለ፤ ጠንካራና ለስላሳ። ጠንካራው አይተኛም፣ ግን የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ለወገብህ ይነግረዋል። ለስላሳው ፍራሽ ነው፣ ግን ሰው ሲበዛበት ይተኛል።» ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ ጠንካራውን እወስድ ነበር። አሁን ግን የሚሳፈሩት እነማን ናቸው? ወገባቸውን የሚያማቸው መሪጌታ ጥበቡ፣ በኩላሊት የሚሰቃዩት የቀድሞ ዲሬክተሬ ጋሽ መኮንንና ልኳንዳ ቤት ያለው አጎቴ አያ ቢተው። ሽማግሌ አንገጫግጦ ሚስት ያገኘ ማን አለ? ለስላሳውን መረጥሁ። በምርጫዬም ኮራሁ፣ ለሦስቱም ደውዬ «እንደ አልጋ ነው የምወስዳችሁ» አልኋቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጤፉን መዝነናል፣ ኮፈን ላይ የወጡትን መዝነናል፣ አንድ ሰው እንኳ ሽማግሌዎቹን አልመዘነም።

ሞላው በተገጠመ ዕለት ብቸናን ከዳር እስከ ዳር ዞርኋት። ባዶ መኪና፣ ሦስት ጣት ዝቅ ያለች! መስኮቱን ከፍቼ፣ ክርኔን አውጥቼ፣ አሥር ጊዜ ባንድ ጎዳና ተመላለስሁ። ሰው ዞሮ ያያል። የሚገርመው፣ ያየኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ምን ጭነህ ነው?» በእኛ አገር ዝቅ ያለ መኪና ማለት የተጫነ መኪና ማለት ነዋ! መጀመሪያ ላስረዳ ሞከርሁ፣ በኋላ ሲሰለቸኝ «ሲሚንቶ» እያልሁ አለፍሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሣን። ልጅ ጠያቂው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፣ ነውር ነው፤ እኔ ግን ሹፌር ነኝና ከቤቱ ራቅ ብዬ ላቆምና ልደበቅ ተስማማን። መሪጌታ ከፊት ገቡ። ጋሽ መኮንን ከኋላ ገቡ። አያ ቢተው ሲገባ መኪናዋ እምጵ ብላ ተቀመጠች።

«ገባን ወይስ ወረድን?» አሉ መሪጌታ።

«ገባን፣ የኔታ፤ ለስላሳ ስለሆነ ነው» አልሁ።

እስከ ደብረ ወርቅ መዳረሻ እውነትም አልጋ ነበር። ጋሽ መኮንን አንቀላፍተዋል። ከዚያ የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መጣ። ክርርርር! የመኪናዬ ሆድ ሲፋቅ የእኔ ሆድ አብሮ ተፋቀ። ጋሽ መኮንን ነቅተው «ማን ነው?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ወረዱ፣ መኪናዋ ተነሣች፣ ጉብታውን አለፈች፣ ተመልሰው ገቡ። ሌላ ጉብታ፤ ወረዱ፣ ገቡ። ጉድጓድ፤ ወረዱ፣ ገቡ። አያ ቢተው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሣቀ፣ በመጨረሻ በሩን ሳይዘጋው ተቀምጦ መጓዝ ጀመረ። መሪጌታም ነጠላቸውን እያራገፉ፣ «ልጄ፣ እኛ ነን መኪናዋን ወደ ሞጣ ያደረስናት ወይስ እሷ?» አሉኝ።

ሞጣ ደረስን። ወደ አቶ አበረ ቤት የሚወስደው መንገድ ድንጋዩ የተቦረቦረ ኮብልስቶን ነው፤ ሽማግሌዎቹ እስከነአካቴው ወርደው ከፊት ከፊቴ ሄዱ። እኔ ቆሜ ልደበቅ ብል መንገዱ ጠበበብኝ፣ ላዞር ብል ከኋላዬ ጋሪ መጣብኝ። ሳልወድ ተከተልኋቸው። አጥሩ ጋ ስደርስ ወንበሬ ላይ ወደ ታች ተንሸራትቼ ተኛሁ።

አቶ አበረ በረንዳው ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ሦስት ሽማግሌዎች አቧራ ለብሰው በእግር ይመጣሉ፤ ከኋላቸው አንዲት ቀይ መኪና መሬት ልትነካ ደርሳ ታዘግማለች። ሽማግሌዎቹ ግቢ ገብተው እንደ ደንቡ ቆሙ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገር ሊከፍቱ ሲሉ አቶ አበረ ቀደሙ።

«ምን ጭናችሁ ነው የመጣችሁት?»

«ኧረ ምንም አልጫንንም» አሉ መሪጌታ።

«የኔታ፣ እርስዎ ቅኔ ያውቃሉ፣ እኔ ጭነት አውቃለሁ። ይቺ መኪና አፏ ድረስ ተጭናለች! ለዕቃው ቦታ ሰጥቶ እናንተን፣ የሽበት ባለቤቶችን፣ በእግር ያስኬደ ነው ልጄን የሚጠይቀኝ? በሉ በመጣችሁበት!»

አጥሩ ጋ መኪናዬ ውስጥ እንደ ተኛሁ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። የተሰጠኝ ቀን ይህ አንድ ብቻ ነበር፤ ትብለጥ ከእጄ ልትወጣ ነው። ነውርም ቢሆን ይሁን ብዬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። መኪናዋ ዝቅ ያለች ናትና መውጣቴም እንደ ሰው መውጣት አልሆነም፤ መጀመሪያ በእጄ መሬት ያዝሁ፣ ቀጥሎ በጉልበቴ። ከዚያ እጅ ነሣሁና የኋላውን በር ብድግ አድርጌ ከፈትሁላቸው። ትርፍ ጎማና ክሪክ። ሌላ ምንም።

አቶ አበረ ወጥተው መጡ። ውስጡን አዩ። ወንበሩን ከፍ አድርገው አዩ። ጎንበስ ብለው ሥሯን አዩ። በአንድ እጃቸው ጫን ቢያደርጓት እምጵ አለች።

«ሞላህ ተሰብሯል፣ ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው በርዶ።

«አልተሰበረም፣ ጋሼ። መርጬው ነው።»

«መርጠህ?!»

«ጠንካራም ነበረ። ሽማግሌዎቹን ያንገጫግጫል፣ ያማቸዋል ብዬ ለስላሳውን መረጥሁ።»

«እና እንዳያማቸው ብለህ በእግራቸው አመጣሃቸው?»

«አዎ» አልሁ። ከዚህ ሌላ ምን ይባላል?

የአቶ አበረ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የመኪናዋን ጣሪያ ተደግፈው ሣቁ፤ ዓይናቸው እስኪያነባ ሣቁ። እሳቸው ሲደገፏት እሷም እምጵ ስትል የባሰ ሣቁ። ሲጨርሱ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠርገው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና፣ «ልጄ ግን በእግሯ አትሄድም» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። ቁጣ ነው? ፈቃድ ነው? ከአነጋገር ይፈረዳል፤ መሪጌታ ጥበቡ ግን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ሰው ከተናገረው ውስጥ ያልተናገረውን ሲያወጡ ነው። ዱላቸውን መሬት ላይ ገጭ አደረጉና፣ «በእግሯ አትሄድም ካሉ በመኪና ትሄዳለች ማለት ነው። ትሄዳለች ካሉ ሰጥተዋል! ተቀመጡ፣ ሽማግሌዎች፣ ሰጥተዋል!» ብለው አወጁ። አቶ አበረ አላስተባበሉም። ከቤት ውስጥ እልልታ ቀለጠ፤ ከእልልታው መሐል አንዷ ድምፅ የትብለጥ እንደ ነበረች ዛሬም እምላለሁ፣ እሷ ብትክድም። እኔ ደስታዬን የት እንደማደርሰው ጠፍቶኝ ጋሪ ነጂውን አቅፌ ሳምሁት።

ሽማግሌዎቹ ገብተው በሉ፤ እኔ እንደ ወጉ ውጭ ቀረሁ። ሲወጡ ሦስቱም ሲገቡ ከነበሩት ወፈር ብለዋል። መኪናዋን ቆመው አዩዋት፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ አያ ቢተው «መናኸሪያው በየት በኩል ነው?» አለ። ተሰናብተውኝ በሚኒባስ ወደ ብቸና ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። ብቻዬን ስነዳትማ፣ አቤት ማማሯ! ኮብልስቶኑን ቀስ ብላ ወረደች፣ አስፋልቱ ላይ ተለጠጠች፣ የሞጣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ትብለጥን ሰጥተውኛል፣ መኪናዬ ሦስት ጣት ዝቅ ብላለች፣ ፀሐይዋ ወርዳለች፤ ከዚህ በላይ ሰው ምን ይፈልጋል? ቆይቶ ነው ጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር ያየሁት። ይቺ መኪና የምታምረው ለካ አንድ ሰው ብቻ ሲሆንባት ነው። ወዲያው መሪዬን ወደ ከድር ሱቅ አዞርሁ።

«ጠንካራው አለ?» አልሁት ገና ከበሩ።

«አለ» አለ ካርቶኑን እየጎተተ። «ያን ጊዜም ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። ስንት ሰው ነው የሚሳፈርባት?»

«ለጊዜው ሁለት» አልሁት።