ችካሉ እግር ያወጣ ዕለት

እንግዳ ሲመጣ ውሻ ይጮሃል። ጅብ ሲመጣም ይጮሃል። ከተማ ሲመጣ ግን፣ ወዳጄ፣ አንድም ውሻ ትንፍሽ አይልም። ከተማ ማለት ደጅህ ላይ ቁጭ ብሎ "ትንሽ ጠጋ በሉልኝ" የሚል፣ ከዚያ መደቡን ከነአጎዛው የሚወርስ እንግዳ ነው። እኛ ከቀበና በላይ፣ ከእንጦጦ ራጉኤል በታች ያለን ሰዎች ከተማን የምናውቀው ቁልቁል ነበር፤ ቅቤና እንጨት ይዘን ሾላ ገበያ እንወርዳለን፣ ጨውና ሐሜት ይዘን እንመለሳለን። ሽቅብ ይመጣብናል ብሎ ማን አሰበ? አቀበቱ እንኳን ከተማን፣ ጅብን ያስለከልካል እኮ!

መጣ። የመጣውም በችካል ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከቤት ብወጣ፣ በቤቴና በበረቴ መካከል ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ቆሟል። አጠገቡ አንድ ቀጭን ቀያሽ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን በአንድ ዓይኑ ያያል።

"ምንድን ነው ጌታዬ?" አልኩት።

"ከዚህ ወዲህ ከተማ፣ ከዚያ ወዲያ ገጠር" አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ክው አልኩ። እኔ ከተሜ፣ ላሜ ሻሼ ባላገር! ሚስቴ አስካለ የወተቱን ቅል አቀበለችኝና "ለማለብ ገጠር ልትወጣ ነው፤ ስንቅ ልቋጥርልህ?" ብላ ሳቀች።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ግን ሳቅ አያውቅም። "ጓድ፣ አንተ አሁን የቀበሌ ሰው ነህ። በረቱ በማኅበራችን መሬት ላይ ነው። እስከ እሁድ አስረክብ" አለኝ። ላሟን ወዴት ላድርጋት? በቤቴ በኩል ያለው ገደል ነው፤ እንኳን ላም፣ የራሴ ጥላ እየተንሸራተተ ይወድቃል። አራት ልጆቼ ደግሞ ያደጉት በሻሼ ወተት ነው።

ስለዚህ ቀያሹ ለምሳ ወደ ቀበና ሲወርድ ችካሉን ነቀልኩና ከበረቱ በላይ ተከልኩት። ሃያ እርምጃ ብትሆን ነው። ሻሼን በአንድ መዶሻ ከተሜ አደረግኋት።

ከእኔ በላይ ያሉት እትዬ ወለላ ከጓሯቸው ብቅ ሲሉ፣ ችካሉ በቤታቸውና በበጎቻቸው ጋጣ መካከል ተገትሯል። እትዬ ወለላ ሞኝ አይደሉም፤ ነቅለው ከጋጣው በላይ ተከሉት። ከእሳቸው በላይ ያለውም ሞኝ አልነበረም። ከእሱ በላይ ያለውም። እኛ ሰፈር ሞኝ ጠፍቶ፣ ችካሉ ከምሳ እስከ ሠርክ ጸሎት ራጉኤል ደጃፍ ደረሰ! እኔ ለንግሥ ስወጣ እንኳ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ።

ቀያሹ በማግስቱ ሲፈልገው ሲፈልገው እዚያ አገኘው። ወረቀቱን አየ። የወጣውን አቀበት ዞሮ አየ። ላቡን ጠረገና ችካሉ የቆመበትን መዘገበ።

እሁድ ለስብሰባ ተጠራን። የቀበሌው ሊቀመንበር እጁን ወደ ላይ ወርውሮ "ጓዶች! ከተማችን በአብዮቱ ፍጥነት አድጋ ራጉኤል ደርሳለች! ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ከተሜ ናችሁ!" አለ። አጨበጨብን፤ የእኔ መዳፍ እስኪላጥ። ጭብጨባው ሲበርድ ወረቀቱን ገለጠና፣ "በከተማ ክልል ውስጥ ከብትም ሆነ በግ ማርባት ክልክል ነው። በሰባት ቀን ይውጡልን" አለ።



"ለመሆኑ መጀመሪያ የነቀለው ማነው?" አሉ እትዬ ወለላ።

"ማነው እሱ? ይውጣ!" አልኩ እኔ፣ ከሁሉም በላይ ጮኼ። አስካለ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ።

ሻሼን ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላለው ለአስካለ ወንድም ወስጄ አስረከብኩ። ስትለየኝ ዞራ አየችኝ፤ ማን እንደነቀለው እሷ እንኳ ታውቃለች። አሁን ከተሜ ስለሆንን ከኅብረት ሱቅ ስኳር ይደርሰናል። ልጆቼ ወተት ሲሉኝ ደመናውን አሳያቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሱሉልታ መልእክተኛ መጣ፤ በአስካለ ወንድም በረት አጠገብ ቀይ ችካል ተተክሏል፣ ምን ይሻላል? ክው ብዬ ተነሣሁ። "ሩጥ! እጁን ይሰብስብ፣ ችካሉን እንዳይነካ በለው! በራጉኤል፣ እንዳይነካ!"

መልእክተኛው ትናንት ተመለሰ።

"ምን አለ?"

"'ዘገያችሁ' ነው ያለው። ግን አትስጉ ብሏል፤ ሃያ እርምጃ ብቻ ነው።"