የሮቦት ሥልጠናና የዕድር ጡሩምባ

«ሥራ በዛብኝ» የሚል ሰው መቼም አታጡም። ግማሹ እሮሮ፣ ግማሹ ጉራ ነው። እኔም ከእነሱው ወገን ነኝ። ዕድር ግባ ስባል ሥራ በዛብኝ፤ ሠርግ ስጠራ ሥራ በዛብኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከዚያ በሚተርፈኝ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ክበብ ለተማሪዎች ሮቦት አሠራር አሳያለሁ። ከደብረ ሲና ወርጄ ስመጣ ጋቢ ይዤ ነበር፤ ይኸው አራት ዓመቱ፣ እንደታጠፈ አለ። ከሰው የማልቀላቀለው ሙቀቱ እያደከመኝ ነው እላለሁ። ሰዉ ግን በዚያው ሙቀት በየጥላው ሥር ተሰብስቦ ይጫወታል።

ዘንድሮ ነገሩ ከፋ። የክበቡ ልጆች በሙሉ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ሄዱ። ደስ ብሎኝ ሸኘኋቸውና የክበቡ ክፍል ገብቼ ከአንዲት ባለ ሦስት ጎማ ሮቦት ጋር ተፋጠጥኩ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ ቁርጡን ነገሩኝ፤ ትምህርት ሳይከፈት ስድስት አዳዲስ አባላት ካላሠለጠንኩ ክፍሉ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ለሰው «ልጆቹ አሳዘኑኝ» አልኩ። ለእናንተ ግን ምን እደብቃችኋለሁ፣ ከዚያ ክፍል ሌላ ሰው የማገኝበት ቦታ አልነበረኝም።

እንደምንም ስድስት ልጆች ተመዘገቡ። በነሐሴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀጠርኳቸው። ከንጋት ጀምሬ ወንበር ስደረድር፣ ባትሪ ስሞላ፣ ሽቦ ስለይ ከውጭ የዕድር ጡሩምባ ተነፋ። ለፋፊው የሟች ስም እየጠራ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያልፋል። የመክፈቻ ንግግሬን እየተለማመድኩ ነበርና ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁ።

ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ሁለት ተኩል ሲሆን የሐበሻ ቀጠሮ ነው አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ማሳ ላይ ማሾ ሊያርሙ ሰደዋቸው ይሆናል ብዬ ወላጆችን ወቀስኩ። አራት ሰዓት ላይ ለስድስት ባዶ ወንበሮች ስለ ሞተር አስረዳሁ፤ ጥያቄ ካላችሁ ብዬም ትንሽ ጠበቅሁ። አበድክ እንዳትሉኝ።

ስወጣ ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ የለ። ዘበኛው ጋሼ ሞገስ ብቻ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከተመዝጋቢዎቹ አንዷ የሆነችው የሰዓዳ አያት አርፈው ሰዉ ሁሉ ቀብር መውጣቱን ነገሩኝ። ታዲያ ለእኔ ለምን አልተነገረኝም ብዬ ተኮሳተርኩ።

«ዕድርተኛ አይደሉ መምህር፣ ማን ይንገርዎ?» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ስድስቱም ልጆች እዚያው ናቸው። ወንበር ያመላልሳሉ፤ ውኃ ያድላሉ። ሰዓዳ ዓይኗ አብጦ መጣችና ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ሆነች።

«ቲቸር፣ ጡሩምባውን የሰሙ መስሎን ነው።»

መስኮት ዘጋሁ ይባላል? አይባልም። አላህ ሰብር ይስጣችሁ ብዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ፤ ደግሞም፣ ነውር ነው እንጂ፣ ከብዙ ሰው መካከል በመቀመጤ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ስድስቱም መጡ። በጳጉሜን ሥልጠናው አለቀ፤ ክፍሉም ተረፈ። እኔ ግን ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል የሚሉት ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎ የዕድሩ ዳኛ ጋሼ እሸቴ ዘንድ ሄድኩ። ወፍራም መዝገባቸውን ገልጠው ጠየቁኝ። ሚስት? የለኝም። ልጅ? የለኝም። እናት አባት? አልፈዋል።

«ታዲያ ብታርፍ ለማን እንንገር?»

ክፋት የላቸውም፤ መዝገቡ ላይ ቦታው ባዶ ሆኖባቸው ነው።  እኔም የስድስቱን ልጆች ስም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጋሼ እሸቴ ሳይስቁ ጻፉ። ጽፈው ሲያበቁ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«እነዚህም እኮ ጨርሰው ይሄዳሉ፣ ልጄ።»

«ግድ የለም ጋሼ፣ በየዓመቱ እየመጣሁ ስሙን አስቀይራለሁ» አልኳቸው።