የጋሼ ፓምፕ ሪሞት

(የአንድ አፓርታማ ሕንፃ ደረጃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ጋሼ ደረቱ ውስጥ የልብ ፓምፕ ተገጥሞለት ከሆስፒታል ከወጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ወገቡ ላይ የፓምፑን ፍጥነት በቁጥር የምታሳይ ሣጥን ታጥቋል። አብሮት ያለው የሚስቱ ወንድም ነው፤ የውሃ ፓምፕ መካኒክ። እጁ ላይ ትንሽ ሪሞት ይዟል።)

መካኒኩ፦ ቁም አልኩህ ጋሼ! ደረጃውን አትርገጥ!

ጋሼ፦ እና ምን ልርገጥ?

መካኒኩ፦ ምንም። የሪሞቱ መብራት እምቢ አለ። ባትሪ ጨርሷል። ስትወጣ የፓምፑን ፍጥነት በምን ልጨምርልህ ነው?

ጋሼ፦ ሐኪሟ ራሱ ይጨምራል ብላኛለች። ውስጡ ሴንሰር አለ። ደም ሲበዛበት ይፈጥናል፣ ሲያንስበት ቀስ ይላል።

መካኒኩ፦ ሐኪሟ ስንት ፓምፕ ፈታለች?

ጋሼ፦ አልጠየቅኳትም።

መካኒኩ፦ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስፈታ ኖሬያለሁ። በራሱ የሚሠራ ዕቃ አይታመንም! የሳሎናችሁን ማራገቢያ አታየውም? ሰው ሳይነካው ይነሳል፣ ሰው ሳይነካው ይቆማል። ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ምንም የለበትም።

ጋሼ፦ እሱ እንኳ...

መካኒኩ፦ አትናገር፣ ትደክማለህ። በል እንመለስ።

ጋሼ፦ እንዴት አድርጌ?

መካኒኩ፦ ምን እንዴት አለው? በእግርህ ነዋ።

ጋሼ፦ አትርገጥ አላልከኝም?

መካኒኩ፦ (ያስባል) እንግዲያው ትንሽ ቆም እንበል።

ጋሼ፦ ልጄ አራተኛ ፎቅ ናት። የልጅ ልጄ ከተወለደች አሥራ ሰባት ቀኗ። በስልክ ነው ያየኋት። እሱንም ስልኩን የያዝከው አንተ ነህ፤ ግማሹ ጣትህ ነበር።

መካኒኩ፦ ትደርስባታለህ። የትም አትሄድብህም።

ጋሼ፦ እሷማ አትሄድም። እኔ ነኝ እንጂ።

(ጋሼ አንድ ደረጃ ይወጣል።)

መካኒኩ፦ ኧረ ጋሼ!

ጋሼ፦ ሣጥኗ ምን ትላለች?

መካኒኩ፦ (ጎንበስ ብሎ) ጨምራለች።

ጋሼ፦ (አራት ደረጃ ይወጣል) አሁንስ?

መካኒኩ፦ አሁንም ጨመረች። ማን ተጫነ?

ጋሼ፦ ማንም። እኔ ወጣሁ።

መካኒኩ፦ አይ፣ ቅድም ታች ሆኜ የተጫንኩት አሁን ገና ደርሶ ነው። ያጋጥማል።

ጋሼ፦ ለመሆኑ ይህን ሪሞት ማን ሰጠህ?

መካኒኩ፦ ማን ይሰጠኛል? ከሆስፒታል ወጥተህ ቤት የገባህ ዕለት ከሳሎን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ሳየው ነው የፓምፑ መሆኑን ያወቅኩት።

ጋሼ፦ የትኛው ጠረጴዛ?

መካኒኩ፦ ትንሹ ነዋ። ማራገቢያው ሥር ያለው። አንተ ብድግ ባልክ ቁጥር እጫናለሁ፣ ወዲያው ያ ማራገቢያ...

(ሪሞቱን ይገለብጠዋል። መልሶ ይገለብጠዋል።)

መካኒኩ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያወቅክ?

ጋሼ፦ አፌን ስከፍት ምን ትለኝ ነበር?

(ጋሼ ቀስ እያለ ሦስተኛውን ፎቅ ያልፋል። ከላይ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። መካኒኩ ሊደርስበት ይሮጣል፤ ስድስት ደረጃ ሳይሞላ እያለከለከ ቁጭ ይላል።)

መካኒኩ፦ ጋሼ... ቆየኝ እንጂ... ትንፋሼ...

ጋሼ፦ (ከላይ፣ ዞር ሳይል) አትናገር፣ ትደክማለህ።