ሞኝ፣ ወረቀትና አንድ ጥንድ ጫማ

[በ1974 ዓ.ም. አንድ ዓርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ላፍቶ፣ ከኅብረት ሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ የቀበሌ ቤት ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች ይኖራሉ። ሙሄ ፒያሳ በኩል ባለው ኮሌጅ የቀን ተማሪ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ካላመናችሁ ራሱን ጠይቁት። የፉሪው ገበሬ ልጅ ሂርጳ ደግሞ ጎፋ ባለው ኮሌጅ የማታ ተማሪ ነው፤ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው ይሉታል። ሁለቱ ያላቸው አንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ ነው፤ አዋጥተው ከሰልባጅ ተራ የገዙት። ቀን ሙሄ ያደርገዋል፣ ማታ ሂርጳ። አሁን ሙሄ ከደጅ እንደገባ ጫማውን እያወለቀ ይጮኻል።]

ሙሄ፦ ወላሂ፣ እግሬን ገደልከው! ጫማውን ስታስረክበኝ ወረቀትህን አውጣ አላልኩህም?

ሂርጳ፦ ምን ላድርግ? እግሬ አርባ ነው፣ ጫማው አርባ ሦስት። ወረቀት ካልጠቀጠቅሁበት እኔ ወደ ፊት ስሄድ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሙሄ፦ ጠቅጥቅ፣ ማን ከለከለህ! ስታወልቅ አውጣው ነው የምልህ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አውራ ጣቴ ታጥፎ ፒያሳ ደርሶ ይመለሳል!

ሂርጳ፦ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንተስ ለምን አላወጣኸውም?

ሙሄ፦ የጠቀጠቀ ነው የሚያወጣው። መርህ ነው!

ሂርጳ፦ ምን ወረቀት እንደሆነ እንኳ አላየኸውም?

ሙሄ፦ እኔ ትላልቅ መጻሕፍት የማነበው ሰውዬ ጫማ ውስጥ ያለ ወረቀት ላንብብ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት አንተና ይሄ ወረቀት ናችሁ!

ሂርጳ፦ እሺ።

[ሙሄ ጫማውን ወርውሮ አልጋው ላይ ይቀመጣል። ያስጮኸው ጫማው ብቻ አይደለም። ትናንት ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ በደረት ኪሱ ይዟል፤ ከየት ጀምሮ እንደሚናገረው ጨንቆታል።]

ሙሄ፦ ስማ ሂርጳ፣ አንድ ነገር ላማክርህ።

ሂርጳ፦ እኔን? ምነው፣ አመመህ እንዴ?

ሙሄ፦ የአባቴ በርበሬ ገበያ ቀዝቅዟል። ከዚህ ወር ወዲያ ብር አልልክም ብለውኛል። ለአውቶቡሱ፣ ለምሳው፣ ለኮሌጁ ከየት ላምጣ? ወይ ትምህርቱን ማቋረጥ ነው፣ ወይ መዛወር።

ሂርጳ፦ ወዴት?

ሙሄ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ለምሳሌ ነው እንግዲህ... ለምሳሌ ወደ አንተ ኮሌጅ። ማታ።

ሂርጳ፦ ጥሩ ነው።

ሙሄ፦ ሳትሰማኝ አትቃወም!

ሂርጳ፦ ኧረ ጥሩ ነው አልኩህ!

ሙሄ፦ መጀመሪያ ላስረዳህ! ጎፋ በእግር ይኬዳል። ቀን ኅብረት ሱቁ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ሳይንስ ነው! ከላፍቶ ፒያሳ ድረስ ለቀን ትምህርት የሚንከራተት ሰው ከአህያ አይሻልም።

ሂርጳ፦ [ደንገጥ ብሎ] ከአህያ?

ሙሄ፦ አህያስ የምትጭነው አላት!

ሂርጳ፦ እኔ ግን ልነግርህ የፈለግሁት...

ሙሄ፦ ቆይ! አሁን ስለ ጫማው ልትጠይቀኝ ነው።

ሂርጳ፦ አይ፣ ጫማው እንኳን...

ሙሄ፦ ነው! አንተ ሳትጠይቅ እኔ አስቤበታለሁ። ሁለታችንም ማታ ከሆንን ጫማው አንድ ነው። በረባሶ ያደረገ ተማሪ ደግሞ የኮሌጅህ ዘበኛ ጋሽ ማሞ አያስገቡም። ልክ ነኝ?

ሂርጳ፦ ልክ ነህ።

ሙሄ፦ አንድ ጥንድ ማለት ስንት ነው?

ሂርጳ፦ ሁለት።

ሙሄ፦ እኛስ?

ሂርጳ፦ ሁለት።

ሙሄ፦ አበቃ! አንድ አንድ ይደርሰናል።

ሂርጳ፦ ሌላው እግርስ?

ሙሄ፦ በፋሻ ይጠቀለላል። ቆስሏል!

ሂርጳ፦ የሁለታችንም? በአንድ ቀን?

ሙሄ፦ የተለያየ እግር ነው እኮ! አንተ ግራ፣ እኔ ቀኝ። ማን ይጠረጥራል?

ሂርጳ፦ ጋሽ ማሞ "ምን ሆናችሁ?" ቢሉንስ?

ሙሄ፦ "በልማት ዘመቻ እርከን ስንሠራ ዶማ መታን" ነዋ! ዘመቻን ደፍሮ የሚጠይቅ ማን አለ? እንዲያውም አጨብጭበው ያስገቡናል።

ሂርጳ፦ ቁስሉ መቼ ይድናል?

ሙሄ፦ ስንመረቅ።

ሂርጳ፦ ሁለት ዓመት?

ሙሄ፦ ሲሰለቸን እግር እንቀያየራለን።

[ሂርጳ በአንድ እግሩ እያነከሰ ክፍሏን ይዞራታል። ሙሄ እጁን ይዞ ያስቆመዋል።]

ሙሄ፦ ተው፣ ተቀመጥ። ካልሆነ ደግሞ... አንተ አንድ ዓመት አርፈህ... እንደሱ አትየኝ፣ ሂርጳ! እኔም አንጀቴ እያረረ ነው። ሌላ መላ ጠፋኝ። [ደብዳቤውን ያወጣል] ትናንት ጸድቋል። ሰኞ እጀምራለሁ።

ሂርጳ፦ አውቃለሁ።

ሙሄ፦ ከየት ታውቃለህ? ለማንም አልተነፈስኩም!

ሂርጳ፦ ወረቀቱን አውጣው።

[ሙሄ እጁን ጫማው ውስጥ ከቶ የተጨማደደ ወረቀት ይጎትታል። ሲዘረጋው የራሱን የእጅ ጽሕፈት ያያል።]

ሙሄ፦ "የአባቴ የበርበሬ ንግድ ስለተቀዛቀዘ፣ ከቀኑ ወደ ማታው እንድዛወር..." ይሄ የኔ ማመልከቻ ነው!

ሂርጳ፦ ረቂቁ ነው፤ ጨምድደህ የጣልከው። ወፍራም ስለሆነ ለጫማ ይመቻል። ስጠቀጥቀው አነበብኩት። አንተም አይተህ ታወራኛለህ ብዬ እዚያው ተውኩት።

ሙሄ፦ እና ይሄን ሁሉ ስለፈልፍ ዝም ትለኛለህ?

ሂርጳ፦ ልናገር ስል "ቆይ" እያልከኝ! እኔም ተዛውሬያለሁ።

ሙሄ፦ የት?

ሂርጳ፦ አህያዋ የምትማርበት። ፒያሳ፣ ቀን።

ሙሄ፦ [ብድግ ብሎ] አብደሃል? በምን ገንዘብ?

ሂርጳ፦ ሳይደግስ አይጣላም፤ ወፍጮ ቤቱ የማታ ጥበቃ ቀጥሮኛል።

ሙሄ፦ [ተስፋ አድርጎ] ቦት ጫማ ይሰጣሉ?

ሂርጳ፦ ዱላ ብቻ።

ሙሄ፦ ማመልከቻውንስ ማን ጻፈልህ?

ሂርጳ፦ አንተ። "ቀን" ያልከውን "ማታ"፣ "ማታ" ያልከውን "ቀን" አድርጌ ስሜን አስገባሁበት።

ሙሄ፦ የአባቴን በርበሬስ?

ሂርጳ፦ [ራሱን እያከከ] እሱን ረሳሁት። አሁን በፒያሳ መዝገብ አባዬ በንቲ በርበሬ ነጋዴ ናቸው።

[ሙሄ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ያፍራል።]

ሙሄ፦ እኔ አንተን ቤት ላስቀምጥህ ነበር፣ አንተ ደግሞ ለእኔ ብለህ... አፉ በለኝ፣ ወንድሜ።

ሂርጳ፦ ተወው ባክህ። ከሰኞ ጀምሮ ቀን እኔ፣ ማታ አንተ።

ሙሄ፦ ቆይ ቆይ! ያንተ መቼ ጸደቀ?

ሂርጳ፦ ማክሰኞ።

ሙሄ፦ የእኔ ሐሙስ ነው! የእኔ ባይጸድቅ ኖሮስ? ሁለታችንም ቀን ላይ ቀርተን ነበር እኮ! ይሄንን አላሰብክም፣ አየህ!

[ሂርጳ ከፍራሹ ሥር አንድ ጥቅል አዲስ ፋሻ ያወጣል።]

ሂርጳ፦ ለዚያ ብዬ ይሄን ገዝቼ ነበር። ቸግሮኝ የነበረው ዘበኛ ቢጠይቀን የምንለው ነው፤ እሱን ደግሞ ይኸው አንተ ነገርከኝ።

[ሂርጳ ጫማውን አንስቶ ይሰጠዋል።]

ሂርጳ፦ በል አሁን ወረቀቱን ጠቅጥቅልኝ፣ ሰኞ በጠዋት ወጪ ነኝ። ማታ ስመልስልህ ራስህ ታወጣዋለህ።

ሙሄ፦ እኔ? ለምን እኔ?

ሂርጳ፦ የጠቀጠቀ ነዋ የሚያወጣው! መርህ ነው።