ውሃ አልተፋም ያለው ማሽን

እኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አልሆነልኝም። ሻይ እስኪፈላ እንኳ ሦስቴ ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ። ሚስቴ ብርቄ “አንተን ያገባሁ ቀን ዕረፍት በጓሮ በር ወጣች” ትላለች። ውሸቷን አይደለም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። መንዝ ውስጥ ሞላሌ አስተማሪ ሳለሁ የብርቄ እህት ከአረብ አገር የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላከችልን። ፊት ለፊቱ ክብ መስታወት ያለው፣ ነጭ፣ ግሩም ዕቃ ነው። ብርቄ ሳሎን አስቀምጣ ዳንቴል አለበሰችው። በዳንቴሉ ላይ ቴሌቪዥን ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ካልሲ ሳያጥብ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ኖረ። ምን ይደረግ? ውሃው በጀሪካን ነው የሚመጣው። መብራቱ ደግሞ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይሄዳል። “ለምን?” ስንል “ልማት ላይ ስለሆንን ነው” ይሉናል። እኛም ልማቱን በሻማ እንጠብቅ ነበር።

አንድ ረቡዕ ብርቄ ለቅሶ ሄዳ ሳለ አባቷ ጋሽ ተሰማ ከገጠር መጡ። እሁድ ለወንድማቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ፣ የሽማግሌ መሪ ሆነው ዘመሮ ይሄዳሉ። እንዲያ ያለ ጉዳይ ላይ ጥቁር በርኖሳቸውን ሳይደርቡ አይቀመጡም። በርኖሱ የገዛ በጎቻቸው ፀጉር ነው፤ የፈተሉት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ምሳ ላቀርብላቸው ተጣደፍኩና ያን የሚንተከተክ ሽሮ ከነድስቱ በርኖሱ ላይ ደፋሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል የሚባለው? እኔ ለቅሜም አልጨረስኩት።

ጋሽ ተሰማ ቁጣ አያውቁም። “በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ፀሐይ ላይ አውለው፣ ሌላ ነገር እንዳትነካካው፤ እሁድ በጠዋት ሳልፍ እወስደዋለሁ” ብለውኝ በጋቢ ሄዱ። ምን የመሰለ ቀላል ትእዛዝ ነበር!

ግን ክረምት ነው፣ ፀሐይ የት አለ? ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በር ላይ ተኝቷል። ሐሙስን ጠበቅሁ፤ ማለትም እስከ ረፋዱ ድረስ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አወረድኩ፣ ዳንቴሉን ገፈፍኩ፣ በርኖሱን ከተትኩ። በሳሙና ማስገቢያው በኩል ውሃ በጆግ እየጨመርኩ ማሽኑን አስነሳሁት። ዞረ! ደስታዬን ብታዩ! አጠበ፣ አጠበ፣ ከዚያ ውሃውን ሊተፋ ሲል ኧኧኧ ብሎ አቃሰተና ቀጥ አለ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ውሃው እንዳለ ነው፣ በሩም አልከፈት አለ። በርኖሱ በመስታወቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ያየኛል። ብርቄ ከለቅሶ ስትመለስ አየችና ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ፣ “የእናቴን እጅ ሥራ?” አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ዘነበን ጠራሁ። ዘነበ የወፍጮ ሞተርም ሬዲዮም የሚጠግን፣ የማይቸኩል ሰው ነው፤ የማይቸኩል ሰው ደግሞ ያንገበግበኛል። ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ገመዱን ከሶኬት ነቀለ። ማሽኑን አዘንብሎ በካቻቢቴ ከሥሩ ያለውን ክዳን ፈታ፤ ጎማዎቹን በፒንሳ እያላቀቀ ጡጫ የምታህል ነገር አወጣ። ውሃው ግልብጥ ብሎ ሳሎኑን አጥለቀለቀው። ጡጫዋ ለካ ፓምፕ ናት፣ ውሃ የምትተፋው እሷ ናት። ውስጧ የበግ ፀጉር ተጠቅጥቆባት ተቃጥላለች።

“አንድ በርኖስ አንድ ፓምፕ ይበላል” አለ ዘነበ። “ሁለተኛ ሱፍ ካስገባህ አትጥራኝ።”

ማልኩለት። በርኖሱን እናውጣው ስለው “አውጥተህ በዚህ ጉም የት ልታደርቀው? እዚያው ይቆይ፤ ፓምፑ ሲገባ ማሽኑ ራሱ ይጨምቀዋል” አለኝ። ደብረ ብርሃን ያለ ጓደኛው ቅዳሜ በአውቶቡስ ፓምፕ ሊልክለት ተስማማ። እኔ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያ ቆሜ ዋልኩ። የመጣ መኪና ሁሉ የኔን ፓምፕ የያዘ ይመስለኛል። ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። ዘነበ ቀስ ብሎ፣ እያፏጨ ገጠማት፤ ጎማውን አሰረ፣ ሽቦውን መለሰ።

“በቃ፣ አሁን መጭመቅ ብቻ” ብሎ እጁን ታጥቦ ቡና ሊጠጣ ወጣ። እኔ በመስታወቱ ሳይ የሽሮው ምልክት ያለ መሰለኝ። እስኪ አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃ ብጨርሰውስ? እንደገና ውሃ በጆግ ሞልቼ የሙቀቱን መዘውር ትልቁ ቁጥር ላይ አዞርኩት። ዘነበ ሲመለስ ማሽኑ እየጨሰ ይፈላ ነበር። ራሱን ይዞ ቁጭ አለ።

ብቻ ፓምፗ ሠራች! እያጉረመረመችም ቢሆን ውሃውን ጥርግ አድርጋ ተፋችው። በሩ ተከፈተ። እጄን ሰድጄ በርኖሱን ሳወጣ የስድስት ዓመት ልጅ ልብስ ወጣ። ጠብቆ እንደ ቁርበት ጠንክሯል። ብርቄ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ ብል ምን ያሳፍራል? ሰውዬው ከሚስታቸው የቀራቸው እሱ ነበር።

እሁድ በጠዋት ጋሽ ተሰማ በቅሏቸውን ይዘው መጡ። በርኖሱን በሁለት እጄ አቅርቤ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ዳበሱት፣ ጎተቱት፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

“ስንት ሰው ነው የረገጠው?” አሉኝ።

በኛ አገር አዲስ የተሸመነ ባና፣ ማለት የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት ጎረምሶች ተሰብስበው ሲረግጡት ይውላሉ፤ ያን ጊዜ ይጠብቃል፣ ብርድም ዝናብም አያሳልፍም። እኔ የመንዝ ልጅ፣ ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ እንደሚሰበሰብ ረሳሁት! “ማንም አልረገጠው፣ ማሽኑ ነው” አልኳቸው።

“ስምንት ጎረምሳ እንዲህ አያደርገውም” አሉ። ከዚያ ደረታቸው ላይ አስጠጉት። “የፈተለችው እሷ ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር” አሉና በርኖሱን ከኮርቻው ሥር አንጥፈው በጋቢያቸው ወደ ዘመሮ ሄዱ።

እፎይ አልኩ። ይቅር የሚል አማት የሰጠኝን አምላክ አመሰገንኩ፤ ዳንቴሉና ቴሌቪዥኑም ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ማክሰኞ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተሰማ ናቸው፣ ፊታቸው በርቷል። ልጅቷ ተፈቅዳለች። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ከሮባቸው ሳለ የልጅቷ አባት ከኮርቻው ሥር ያለውን አይተው ማን እንደረገጠው ጠየቁ፤ ጋሽ ተሰማም “አማቼ፣ ብቻውን” አሉ። ታሪኩን ሲነግሯቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ነገሩም ረገበ። ከኋላቸው ሁለት አህዮች ቆመዋል፣ የሙሽሮቹን አዳዲስ ባና ተጭነው።

“አንተ እንድትረግጠው ቃል ገብቼ ነው ልጅቷን የሰጡን” አሉኝ። “ሠርጉ ለጥቅምት ነው።”

ብርቄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “ምነው ተቀይመውህ ቢቀሩ!” አለችኝ።

ለዘነበ ደወልኩ። ፓምፕ ደግሞ አስልክልኝ አልኩት። “ስንት?” አለኝ።

“ባናው አምስት ነው” አልኩት።