ድልድዩ ሰላሳ ላይ ይሰበራል

የኔን የሚያህል ጭንቅላት በቡታጅራ የለም። ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆን እስከ ሆሳዕና ድረስ እዘረጋው ነበር። የተዳርኩ ቀን ድግሱ ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ማን ሁለት ጊዜ እንደበላ፣ ማን አልበላሁም ብሎ እንደማለ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የራሱን ዕድሜ ሰው ሲጠይቀው ወደኔ ነበር የሚልከው። ልጆቼ ስልክ ላይ የሚጽፉትን እኔ እዚህ ሻሽ ስር ነው የምይዘው፣ ባትሪም አይጨርስብኝ። ስለዚህ አሁን የማወራላችሁን ስትሰሙ «ረስታ ነው» እንዳትሉኝ። ለሳቅ ትንሽ ለጠጥ አደርግ ይሆናል። መለጠጥና መርሳት ለየቅል ናቸው።

ሰሞኑን የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ፣ መሬት ነው። የእርሻውን አላልኩም። ሁለት ሰው ሊጋጠም ሲቆም ከእግሩ ስር ያለውን ነው። በልጅነቴ መስቃን ውስጥ ጎረምሶቹ ሲታገሉ ሜዳ ላይ ነበር፣ ሜዳው ደግሞ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ ዝም ብሎ ይተኛል። የጣለ ጣለ፣ የወደቀ አቧራውን አራግፎ ሄደ። ሜዳው ራሱ ብድግ ብሎ አንዱን ሲጥል አላየሁም። አሁን ግን በሰባ ምናምን ዓመቴ አየሁ። ምናምኑንም አስታውሰዋለሁ፣ ለእናንተ አልነግርም እንጂ።

የልጄ የሁሴን ልጅ ነጂሃ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መናኸሪያው ጀርባ ባለው ጌም ቤት እሷን የሚያሸንፍ ወንድ የለም። «ሴት ልጅ ጌም ቤት ምን ትሠራለች» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። አንድ ቀን ጎትቼ ላወጣት ሄድኩና ሁለት ሰዓት ተቀምጬ፣ ለስላሳ ተጋብዤ ተመለስኩ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይደባደባሉ። ከላይ ለእያንዳንዳቸው አረንጓዴ መስመር አለ፤ በተመቱ ቁጥር ያጥራል፣ ያለቀበት ተሸነፈ። መሃል ላይ ሰዓት ከስልሳ ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል። በቃ። ከዕድር ስብሰባ የሚለየው መስመሩ መታየቱ ብቻ ነው።

ታዲያ ወልቂጤ ላይ ውድድር አለ ተባለ፤ አንደኛ የወጣ አዲስ አበባ ሄዶ ይጫወታል። ነጂሃ አባቷን ሳምንት ሙሉ ለመነችው። ሁሴን ጫማ ይነግዳል፤ ልጄ ይሁን እንጂ ሳቄን አልወረሰም። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ፈረደ፦ «ካሸነፈች ትሂድ፣ አንድ ቃል አልናገርም። ከተሸነፈች ግን የጌም ቤቱን ደጅ አትረግጥም፣ ሱቅ ትቀመጣለች። አንቺም አብረሻት ሂጂ እማዬ።»

ሄድን። በአረቅጥ በኩል፣ ጉም ውስጥ፣ ጭኔ ላይ የማላውቀው ሰውዬ ኮርቻ ተጭኖብኝ። ኮርቻውን ለጥጬው ይሆናል። ሰውዬው ግን ነበረ።

ነጂሃ እየጣለች እየጣለች ለመጨረሻው ደረሰች። የገጠማት ቢኒያም የሚባል የወልቂጤ ልጅ ነው። ጨዋ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ስሞ ነው የተቀመጠው። ያናደደኝም ይሄ ነው፤ ባለጌ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ማሽኑ እቤቱ አለው። ጣቶቹን ብታዩ አስራ አራት ይመስላሉ።

መነጽር ያደረገው ዳኛ ለፍጻሜው የመረጠው መድረክ የእንጨት ድልድይ ነው፣ ከስሩ ወንዝ። የኛ ጌም ቤት ጨዋታው አሮጌ ስለሆነ ባዶ ሜዳ እንጂ ድልድይ የሚባል የለበትም። ሦስት ዙር ነው፣ ሁለቱን የወሰደ አሸነፈ። መጀመሪያው ዙር ላይ ነጂሃ ትቀጠቅጠዋለች፣ የልጁ መስመር አልቆ እንደ ምስር ፍሬ ሆኗል። ድንገት ድልድዩ መሃል ለመሃል ተሰበረ። ልጄ ወንዝ ገባች፣ መስመሯም አብሮ ገባ። ልጁስ? ልጁ ዳር ቆሟል።

ሁለተኛውን ነጂሃ ድልድዩ ሳይሰበር ጨረሰችው። እኔ ግን ያችን የመጀመሪያዋን እያመላለስኩ ነበር። ይሄ ጭንቅላት አይተኛም አላልኳችሁም? ድልድዩ የተሰበረው ሰዓቱ ሰላሳ ሲል ነው። ልጁ ወደ ኋላ የዘለለው ሰላሳ ሁለት ሲል። ሳይሰበር ዘለለ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ሰዓቱ ሰላሳ አምስት ሲል ተነስቼ በመስቃንኛ ጮህኩ፤ «ወደ ኋላ ዝለዪ፣ ሰላሳ ላይ ይሰበራል» አልኩ። ወልቂጤ የሚናገሩት ሌላ ነው፣ ማን ይሰማኛል ብዬ ነው። ዳኛው ጨዋታውን አስቆመና መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በዚያው በመስቃንኛ፣ ከኔ በጠራ መስቃንኛ፣ «እማማ፣ እኔም እኮ የእንሴኖ ልጅ ነኝ» አለኝ።

ለተጫዋች መንገር ክልክል ነው፣ የተነገረው ዙሩን ያጣል። ሕጉ ይሄ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ድልድዩ ራሱ ክልክል መሆን አለበት ብዬ ተነሳሁ። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ድልድዩም የጨዋታው አካል ነው፣ ጎበዝ ማለት ከተቀየረው ጋር አብሮ የሚቀየር ነው» ይላል። ሌላው «ታዲያ የምንለካው ልጆቹን ነው ወይስ ድልድዩን?» ይላል። ዳኛው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የመለሰልኝ፤ «ለሁለቱም እኩል ነው የሚቀየረው፣ እማማ።»

ይቺን ቃል እኔ ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ድሮ በርበሬ የምንሸጥበት ገበያ ሲነሳ፣ አንድ ሰውዬ ድምፅ ማጉያ ይዞ «ለሁሉም እኩል ነው የተቀየረው» እያለ ሲዞር ነበር። በማግስቱ አዲሱ ቦታ ስንደርስ፣ ከበሩ ፊት ያለው ተራ ላይ የመደብ ምሰሶ የተከለ ተክሏል። ቀድሞ የሰማ ሰው አለ ማለት ነው። ከጎኔ ሃያ ሁለት ዓመት የሸጠችው ጓደኛዬ ሸምሲያ ከኋላ፣ ቦዩ ዳር ደረሳት። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይገባባታል፣ በርበሬዋ ይሻግታል። በሦስተኛው ክረምት ገበያውን ትታ እንሴኖ ልጇ ጋ ገባች። ለሁሉም እኩል ነው አሉ እንግዲህ።

ይሄን እያሰብኩ ለዳኛው «መቀየሩማ ለሁለቱም ነው ልጄ» አልኩት፤ «መቼ እንደሚቀየር የሚያውቀው ግን አንዱ ነው።» ራሴን ወደድኩት።

ቢኒያም ቀና ብሎ አየኝ። «እቤት ተጫውቼበት ነው እማማ። ማወቅ ጥፋት ነው?»

«ማወቁ አይደለም። አውቀህ አጠገብህ ለተቀመጠችው ዝም ማለትህ ነው» አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፋ። አንዳንዱ አጨበጨበልኝ። ዳኛው ግን ዙሩን ለቢኒያም ሰጠው፤ እኔ በጭብጨባ ሄድኩ፣ እሱ በድል።

በመልስ ጉዞ አረቅጥ ደረስን። እኔ የተናገርኩትን እየደጋገምኩ ለጎረቤት እንዴት እንደማወራው ሳሳምር፣ ነጂሃ በመስኮቱ ወደ ጉሙ እያየች «እኔም እኮ አይቼው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ሰላሳ ላይ እንደሚሰበር። አንዴ ስወድቅ ገባኝ። ሦስተኛው ላይ ልዘል ጣቴን አዘጋጅቼ ነበር፣ አንቺ ጮህሽ።»

ጭኔ ላይ ኮርቻውም ቢኖር የዚያችን ቃል ያህል አይከብደኝም ነበር። ሳታውቀው የተሰበረባትን ድልድይ በአንድ ውድቀት ተምራው ነበር። የጣልኳት እኔ ነኝ።

አላበቃችም። «እማማ፣ ለሸምሲያ ግን ነግረሻት ነበር?»

ይቺን አልረሳኋትም፣ ለጠጥ ሳደርግ አለፈችኝ እንጂ። የእህቴ ልጅ ያኔ ለቀያሾቹ ገመድ ይጎትት ነበር። በሩ የት እንደሚሆን ሐሙስ ማታ ነገረኝ። አርብ ጠዋት ከሸምሲያ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ከሷ ቁራሽ ተቀብዬ እየበላሁ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ቅዳሜ ሳይነጋ በሩ ፊት ምሰሶዬን ተከልኩ። እኔም ሰላሳ ሁለት ላይ የዘለልኩ ነኝ። መናገር በነበረብኝ ቀን ዝም አልኩ፣ ዝም ማለት በነበረብኝ ቀን ጮህኩ። በሁለቱም ቀን የወደቀው ሌላ ሰው ነው።

ነጂሃ አሁን ጫማ ሱቅ ነው ያለችው። ሁሴንን ለመንኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። «ቃል ቃል ነው ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ» ብሎ ሳጥን ይደረድራል። እሷም ለደንበኛ ቁጥር እየመረጠች ጣቶቿ ሳጥኑ ላይ ይጫወታሉ። አያለሁ። ከማየት ሌላ ምን አለኝ።

እንሴኖ ያላችሁ፣ ይሄን ለሸምሲያ አድርሱልኝ። እኔ ስደውል ቁጥሬን አይታ ትተወዋለች፣ ደግ አደረገች። ሸምሲያ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ፣ ደዋይዋ አንቺ መሆንሽ እንደማያምር አውቃለሁ። ግን ካልደወልሽ አልችልም። ዛሬ ማታ፣ ከኢሻ ሶላት በኋላ፣ ደውዪልኝ። ረሳሁት ብዬ እንዳላመልጥሽ ስለ ጭንቅላቴ ያወራሁትን አገር ሰምቶታል። የዚያን አርብ ቁራሽ እስካሁን አስታውሳለሁ፣ በአይብ ነበር። ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ። ዛሬ ማታ ደውዪ፣ ነገ አይደለም።