እማዬ ገና ባሕር ላይ ናት

[የሰዓት ጥገና ሱቅ። ግድግዳውን የሞሉት ሰዓቶች አንዱም ከሌላው አይስማማም። ባለሱቁ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል። ታናሽ ወንድሙ አናጢው የተዋሰውን መኪና ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እናታቸው ሩቅ አገር ያለች እህታቸውን ጠይቃ ዛሬ ትመለሳለች።]

አናጢው፦ ተነስ እንጂ ጋሼ። ቲኬቱ ስምንት ሰዓት ትገባለች ይላል፤ ስምንት ካለፈ ቆየ።

ሰዓት ሠሪው፦ የማን ስምንት ሰዓት?

አናጢው፦ የማን ይሆናል? የስምንት ሰዓት ነዋ።

ሰዓት ሠሪው፦ እሱ የእህትህ አገር ስምንት ነው። ወደኛው ለመመለስ ሰባት ሰዓት ትጨምራለህ። ማታ ሦስት ሰዓት ትገባለች፤ አርፈህ ተቀመጥ።

አናጢው፦ [እየተቀመጠ] ሰባቱ ሰዓት የት ሄዶ ነው የሚጨመረው?

ሰዓት ሠሪው፦ ምድር ስትዞር የበላችው ነው።

አናጢው፦ እሺ። ስትሄድ አሥራ ሦስት ሰዓት ፈጀባት፤ ስትመለስ አሥራ አንድ ነው ተባለ። መንገዱ ሲመለሱ ቁልቁለት ነው?

ሰዓት ሠሪው፦ ሰማይ ላይ ምን ቁልቁለት አለ? ነፋስ ነው። ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

አናጢው፦ እየተገፋች ከሆነማ ቶሎ ትደርሳለች። እንሂዳ።

ሰዓት ሠሪው፦ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር እኮ ነው! አንተን ከማስረዳት ግድግዳ ማናገር ይሻላል። ባጭሩ፣ እማዬ አሁን ባሕር ላይ ናት።

አናጢው፦ [ብድግ ብሎ] አውሮፕላኑ ወደቀ እንዴ?

ሰዓት ሠሪው፦ ከባሕሩ በላይ! አየር ላይ!

አናጢው፦ እንደሱ በለኝ። ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። [ይቀመጣል] ብቻዬን እንዳልንከራተት አደራ ብላናለች፤ ጉልበቷ ደግሞ አይችልም። ለመሆኑ አሁን በትክክል ስንት ሰዓት ነው?

ሰዓት ሠሪው፦ ግድግዳው ላይ እይ።

አናጢው፦ [ዞር ዞር ብሎ አይቶ] የትኛው ላይ?

[በጎን ያለው የቤቱ በር ይንኳኳል።]

ሰዓት ሠሪው፦ ሰው እማዬን ብሎ ከመጣ ገና ባሕር ላይ ናት በለው። ማታ ይምጣ።

[አናጢው ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተ ይመለሳል።]

ሰዓት ሠሪው፦ ነገርካቸው?

አናጢው፦ ነገርኳት።

ሰዓት ሠሪው፦ ማንን?

አናጢው፦ እማዬን። ገና ባሕር ላይ ነሽ፣ ማታ ነይ አልኳት።

ሰዓት ሠሪው፦ [መፍቻው ከእጁ ይወድቃል] ምን አለች?

አናጢው፦ «ባሕሩ ይቆየንና ሻንጣውን ተቀበለኝ» አለች። በታክሲ ነው የመጣችው። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አየር ማረፊያ ቆማ ቆማ እግሯ አብጧል። ሰባቱን ሰዓት ልጨምርላት ብል በጥፊ ልታጮለኝ ነበር።

ሰዓት ሠሪው፦ ስለኔ ጠየቀች?

አናጢው፦ «ያ ሊቅ የት አለ?» ብላለች። ጫማዋን እያወለቀች ነው።

ሰዓት ሠሪው፦ [ጠረጴዛው ሥር እየገባ፣ በሹክሹክታ] የለም በላት።

አናጢው፦ የት ሄደ ልበላት?

ሰዓት ሠሪው፦ ሊቀበልሽ አየር ማረፊያ ሄዷል በላት። ከጠዋት ጀምሮ።

አናጢው፦ [ወደ ቤቱ ዞሮ፣ ጮክ ብሎ] እማዬ፣ ጋሼ «ልቀበልሽ ከጠዋት ጀምሮ አየር ማረፊያ ነኝ» እያለሽ ነው። [ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ] መቼ ትመለሳለህ ልበላት?